ከባሕር ወጥቶ ማኅበር የገባው ዋንጫ

ሸዋሉል ሁለት ነገር አይሆንላትም። የደበዘዘ ብረት አይታ ማለፍ አይሆንላትም፤ ሲያመሰግኗት ደግሞ «እኔ አይደለሁም» ማለት አይሆንላትም። በቀረው ማንም አይችላትም። በደርግ ጊዜ ወደ ሱዳን በእግሯ ተሻግራ፣ ከዚያ ስቶክሆልም ገብታ፣ ስዊድንኛን ከአውቶቡስ ነጂዎች ጋር እየተከራከረች የተማረች ሴት ናት። ሪንከቢ አደባባይ ቲማቲም ስትገዛ ሻጩ ሲደክመው «በቃ ውሰጂው» ይላታል። ያው ሻጭ «ባለሙያ እኮ ነሽ» ቢላት ኖሮ ሙሉ ዋጋውን ከፍላ መልሱንም ትታለት ትሄድ ነበር። ደግነቱ እስካሁን አላወቀባትም።

የብረቱ አመል ከወጣትነቷ የመጣ ነው። አዲስ አበባ ሳለች አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የብር ማንኪያና ትሪ ትወለውል ነበር። አለቃዋ ማንኪያውን አንሥቶ የራሱን ጢም ካላየበት መልሶ ይወረውርላታል። አለቃውም አለፈ፣ ዘመኑም አለፈ፤ ሸዋሉል ግን እስከ ዛሬ የሰው ቤት ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው የበሩ እጀታ ላይ ነው።

አሁን የምትሠራው ሄምሸንስት ነው፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ መርዳት። ከምትረዳቸው ሁሉ የምትወዳቸው ቬሊንግቢ የሚኖሩትን ቤርቲልን ነው። ሰማንያን የተሻገሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ ድሮ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ስዊድን አገር አንቱታ የለም፤ ሁሉም በስሙ ይጠራል። ሸዋሉል ግን የአባቷን ታላቅ የሚያህል ሰው «ቤርቲል» ብላ መጥራት ምላሷን ስለሚይዛት «አባባ ቤርቲል» ትላቸዋለች። እሳቸው «አባባ» መሥሪያ ቤቷ የሰጣቸው ማዕረግ ስለመሰላቸው ወደውታል። እሳቸው ደግሞ ሙሉ ስሟን ሞክረው ሞክረው ስላቃታቸው «ሉል» ይሏታል።

እዚህ ቤት ውስጥ ሸዋሉልን እንቅልፍ የሚነሳ አንድ ዕቃ ነበር። ከሶፋው በላይ መደርደሪያ ላይ ብቻውን የተቀመጠ፣ የጠቆረ፣ እግር ያለው ትንሽ የብር ዋንጫ ነው። ሁለት ጆሮ ነበረው፤ አንዱ ተገንጥሏል። አቧራ በጠረገች ቁጥር ዓይኗ እዚያ ይሄዳል፤ ሽማግሌውም «እሱን ተይው» ይሏታል። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ።

በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በገባ በመጀመሪያው ወር፣ አባባ ቤርቲል ዋንጫውን ራሳቸው አውርደው እጇ ላይ አስቀመጡት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ከእንግዲህ ልወለውለው አልችልም አሏት። ያን ቀን ነው ታሪኩን የነገሯት። ዋንጫው የታላቅ ወንድማቸው የሌናርት ነው። ተማሪ ሳለ በጀልባ ቀዘፋ ተወዳድሮ ያገኘው ሽልማት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ባሕር ኃይል ገባ፤ ሰርጓጅ መርከብ ላይ መደቡት። አንድ ቀን መርከቡ ለልምምድ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። እናታቸው ስልኩ አጠገብ ወንበር አስጠግተው ቀናት ተቀመጡ፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ግን የሚደውለው «የሰማችሁት ነገር አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ዘመድ ብቻ ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ መርከቡ ከባሕሩ ሥር ተጎትቶ ወጣ። የልጆቹ ዕቃ ለየቤተሰቡ ሲከፋፈል ለእነ ቤርቲል የደረሳቸው ይህ ባለ አንድ ጆሮ ዋንጫ ነው።

ስዊድኖች ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ሙታናቸውን የሚያስቡበት ቅዳሜ አላቸው፤ ያን ቀን የመቃብር ስፍራው ሁሉ በሻማ ይሞላል። የሌናርት መቃብር ግን ሩቅ ከተማ ነው። ስለዚህ በፊት እናትየው፣ ከዚያ አባባ ቤርቲል በየዓመቱ ዋንጫውን ወልውለው፣ ሻማ አቁመውበት መስኮቱ ላይ ያበሩታል። «እስከዚያ ቀን ካደረሽልኝ ይበቃኛል» አሏት።

የመሥሪያ ቤቷ ደንብ ከአረጋውያን ቤት መርፌ እንኳ ይዞ መውጣት ይከለክላል። ሸዋሉል ደንቡን ለአዳዲስ ሠራተኞች የምታስተምረው እሷ ናት። ነገር ግን እዚያ ቤት ያለው ማጽጃ ለመጸዳጃ ቤት እንጂ ለብር የሚሆን አልነበረም፤ የእሷ ሎሚና ጨው፣ የእሷ ለስላሳ ጨርቅ ያለው ሪንከቢ ነው። ዋንጫውን በሻሽ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እሑድ የማኅበር ቀን ነበር። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ተራዋ ደርሶ እሷ ቤት ነው። ይህ ማኅበር በዚያ ሰሞን ሐዘን ላይ ነበር፤ ጽዋው ጠፍቶበት። ባለፈው ወር፣ ማኅበሩ ሲያበቃ፣ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ሸዋሉል ስለሆነች ጽዋው ለእሷ ተሰጠ። እጇ በዕቃ ስለሞላ ከሃሉንዳ የሚመጣው ሞላልኝ «ላግዝሽ» ብሎ ተቀበላት፤ እስከ ከተማው መሀል አብረው ተጉዘው ተሰነባበቱ፤ ጽዋው ከሞላልኝ ጋር ቀረ፤ ሞላልኝ ደግሞ ሃሉንዳ ሲደርስ እሱ ብቻ ወረደ። ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ጽዋውን ይዞ ሄደ። ሞላልኝ ጥሩ ሰው ነው፤ ዕቃ አያሲዙት እንጂ።

የማኅበሩ ሙሴ አቶ ፍቅረማርያም ይባላሉ። እንደ ሁሉም የማኅበር አለቃ «ሙሴ» ሲሏቸው ደስ ይላቸዋል፤ ሲቆጡም በእውነት ጽላት ይዘው ከተራራ የወረዱ ይመስላሉ። እሑድ ዕለት ከቀሲስ ብርሃነ ሥላሴ ጋር ቀድመው ደረሱ። ሸዋሉል ወጥ ቤት ነበረች። ስትመለስ ሁለቱም ቡፌው ፊት ቆመዋል። ጠዋት ወልውላ እዚያ ያስቀመጠችው ዋንጫ እንደ ፀሐይ ያበራል። ጥቁረቱ ሲለቅ ሆዱ ላይ የተቀረጸ ነገር ብቅ ብሎ ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ሰፋ ያለ።

«የመልአኩ ሰይፍ» አሉ ሙሴው ቀስ ብለው።

ሸዋሉል የጀልባ መቅዘፊያ መሆኑን ታውቃለች። ልትናገር አፏን ከፈተች። ሙሴው ግን ቀደሟት። ጽዋው በእሷ ተራ ስለጠፋ ማንም ሳይነግራት፣ ማንንም ሳታስቸግር፣ ለአዲሱ ሺህ ዓመት አዲስ ጽዋ ገዝታ፣ እንዲህ አሳምራ፣ ድምፅ ሳታሰማ ያስቀመጠች ሴት በዚህ ከተማ ሁለተኛ አትገኝም አሉ። «ባለሙያ» አሉ። «ሴት ወይዘሮ» አሉ። የሸዋሉል አፍ መልሶ ተዘጋ።

ቀሲስ ጸሎት አደረሱበት፤ ባረኩት። እልል ተባለ። ጠላ ያልደረሰ እንደሆነ በጠላ ፋንታ የምናቀርበው ስቫግድሪካ የሚሉት ጥቁር የስዊድን መጠጥ ተቀዳበት፤ ሁሉም እየተሳለሙ ከጽዋው ቀመሱ። ሸዋሉልም ቀመሰች። ማታ ጽዋው በነጭ ነጠላ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ተረኛ ለእማማ ደሚቱ ተሰጠና ወደ ተንስታ ሄደ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የሸዋሉል ዝምታ ግን በሳምንቱ ነቀዘ። አባባ ቤርቲል ዋንጫው የት ደረሰ አሏት፤ እያጸዳሁት ነው አለች። በሌላው ሳምንት ጠየቋት፤ ቆሻሻው ጠንካራ ነው አለች። ሽማግሌው ከመነጽራቸው በላይ አይተዋት፣ ባሕሩ ለማቆሸሽ የፈጀበት ጊዜ አንቺ ለማጽዳት ከምትፈጂው ሳያንስ አይቀርም አሉ። ሳቀች። እንዲህ ያለ መራራ ሳቅ ስቃ አታውቅም።

ነገሩን በጸጥታ የምትጨርስበት መንገድ አልነበራትም። እማማ ደሚቱ ቤት ሄዳ ወስዳ በሌላ እንዳትተካው፣ የተባረከ ጽዋ ነው፤ እንደ ጫማ አይለወጥም። ለአባባ ቤርቲል እንዳትነግር፣ የሟች ወንድማቸውን ዋንጫ ለሰው አሳልፌ ሰጠሁ ማለት ነው፤ አለቆቿ ቢሰሙ ደግሞ ሥራዋም አብሮ ይሄዳል። ለማኅበሩ እንዳትናገር፣ «ባለሙያ» ያሏት አፎች ምን ሊሏት ነው? እውነቱን ለመናገር ከሥራዋ ይልቅ ይህ የኋለኛው ነበር የሚያስፈራት።

የሻማው ቅዳሜ ሲቃረብ አንድ ቀን ስትገባ አባባ ቤርቲል መስኮቱን አዘጋጅተው አገኘቻቸው። የአበባ ማሰሮዎቹን አንሥተዋል። ነጭ ጨርቅ አንጥፈዋል። ሻማው ተገዝቶ ጨርቁ ላይ ተጋድሟል፤ መሀሉ ላይ ለዋንጫው የሚሆን ቦታ ተትቷል። ሸዋሉል ምሳቸውን ልታሞቅ ፊቷን አዞረች።

«አንድም ዓመት አቋርጠን አናውቅም» አሏት ከኋላዋ። «ከእኔ በኋላ ስሙን የሚጠራ ሰው የለም። እንግዲህ እስካለሁ ድረስ ነው።»

ድንቹን አሞቀች፤ ማሞቂያው ከቆመም በኋላ ፊቷን ሳትመልስ ቆየች። ያን ዕለት ልቧ ቆረጠ።

የጥቅምቱ ማኅበር እማማ ደሚቱ ቤት ነበር። ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ሊሰጥ ሲል ሸዋሉል ተነሣች። ሁሉንም ተናገረች። ዋንጫው የተገዛ እንዳልሆነ፣ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደወጣ፣ ሰይፉም ሰይፍ እንዳልሆነ። ሁሉም ጽዋውን አፍጥጦ ያይ ጀመር። ሞላልኝ ብቻ ፊቱ ላይ እፎይታ ይታይበት ነበር፤ ከጽዋው መጥፋት ወዲህ ሌላ ሰው ሲወቀስ ማየቱ የመጀመሪያው ነው።

ሙሴው በረጅሙ ተነፈሱና ሥርዓቱን ዘረዘሩ። ጽዋው ተባርኳል። ጸሎት ደርሶበታል። ጽዋ ከተረኛ ቤት ወደ ተረኛ ቤት ይሄዳል እንጂ ከማኅበር አይወጣም። ሰውየው ይካሳል፤ ይቅርታ ይጠየቃል፤ ጽዋው ግን አይወጣም። ቀሲስ ብርሃነ ሥላሴ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር የያዛቸው። «ወንድምየው ባሕር ውስጥ ነው የቀረው?» ብለው ጠየቁ፤ ሸዋሉል «አዎ አባቴ» አለች፤ ከዚያ ጢማቸውን ይዳብሱ ጀመር።

እማማ ደሚቱ የማኅበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩ ግን ሰው ለመመለስ ሲዘጋጅ ነገሩ አልቆ ያገኘዋል።

«ኅዳር ተረኛ የለውም አይደል?» አሉ።

የለውም። የኅዳሩ ተረኛ በበጋው ወደ ዬተቦሪ ከተማ ቤት ለውጦ ሄዷል፤ ሙሴው በእሱ ፋንታ እደግሳለሁ ብለው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወገባቸውን እንደሚያማቸው ሲናገሩ ነበር።

«እንግዲያው ጽዋው ከሥርዓት አይወጣም፤ ሰውየው ወደ ሥርዓት ይግባ» አሉ እማማ ደሚቱ። «ኅዳር የሽማግሌው ተራ ይሁን። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።»

ሙሴው ሊቃወሙ ጣታቸውን አነሡ። ሰውየው የእኛን ሃይማኖት አይከተልም፣ ቋንቋም አያውቅም ሊሉ ነበር። ቀሲስ ግን ቀደሟቸው። ኅዳር ሚካኤል የሚከበረው መልአኩ ሕዝቡን ባሕር ያሻገረበት ቀን መሆኑን አስታወሷቸው፤ ወንድሙ ባሕር ውስጥ የቀረበትን ሰው በዚያ ቀን በር ዘግተን ብንመልሰው ነገ ምን ብለን እናስተምራለን አሉ። ሙሴው ጣታቸውን መለሱ። ወገባቸውም ወዲያው የተሻለው መሰለ።

በማግስቱ ሸዋሉል ዋንጫውን በነጠላ ሸፍና፣ ከድግሱ ዳቦ ቁራሽ ይዛ ቬሊንግቢ ሄደች። አባባ ቤርቲል ፊት ቆማ ጥፋቷን እንደ ትናንቱ ተናገረች፤ በስዊድንኛ ሲሆን ግን የባሰ ያሳፍራል። ሽማግሌው ነጠላውን ገልጠው ዋንጫውን አገላበጡት። ማንም እንዲህ አድርጎ ወልውሎት አያውቅም።

«አባባ ቤርቲል፣ ዋንጫው የእርስዎ ነው» አለች። «ግን እንዲሁ አልመጣም። ይህን የተቀበለ ሰው የሚቀጥለውን ማኅበር ቤቱ ያደርጋል። ኅዳር ሚካኤልን እርስዎ ነዎት የሚደግሱት። እምቢ ካሉ ማንም አይቀየምዎትም።»

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። ወደ መሥሪያ ቤቷ ይደውላሉ ብላም ጠበቀች። እሳቸው ሳሎናቸውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እዚያ ቤት ከሄምሸንስት ሠራተኛ በቀር የገባ ሰው የለም።

«ስንት ወንበር ያስፈልጋል?» አሏት።

የሻማው ቅዳሜ ደረሰ። ዋንጫው መስኮቱ ላይ ሻማውን ይዞ አመሸ። ሸዋሉል የዕረፍት ቀኗ ነበር፤ ቢሆንም በመንገዴ ነው ብላ ጎራ አለች። ከሪንከቢ ወደየትም ሲኬድ ቬሊንግቢ በመንገድ ላይ እንደማይገኝ ሁለቱም ያውቃሉ።

ማኅበሩ ዐሥራ ሁለት በሥራ ቀን ሲውል ወደ እሑድ ይገፋዋል፤ ኅዳር ሚካኤልን ግን አይገፋም። በዕለቱ ሁሉም ከሥራ ወጥቶ ወደ ቬሊንግቢ ጎረፈ። ምግቡን ሴቶቹ ተከፋፍለው ሠርተውታል። አባባ ቤርቲል ከጎረቤት ወንበር ለምነው፣ ክራቫት አሥረው፣ ስቫግድሪካ በሣጥን ገዝተው ጠበቁ። ይህን መጠጥ እናታቸው ለገና ያቀርቡት እንደነበር ሲናገሩ ሙሴው ቀምሰው፣ እነዚህ ሰዎች ጠላ ጠምቀው ጌሾውን የረሱት ናቸው ብለው ደመደሙ።

ጸሎቱ ደርሶ ጽዋው ከዞረ በኋላ ሙሴው፣ ያ ሥዕል በእርግጥ ሰይፍ አይደለም ወይ ብለው በሸዋሉል በኩል አስጠየቁ። አባባ ቤርቲል ሳቁ። መቅዘፊያ ነው አሉ። ከዚያም ሌናርት ለሽልማቱ ብዙም ክብር አልነበረውም፤ መርከቡ ላይ የጢም መላጫ ሳሙና የሚበጠብጠው በዚህ ዋንጫ ነበር አሉ።

ይህን ሸዋሉልም አልሰማችም ነበር። ቤቱን ሙሉ አየች። ሁሉም ከዋንጫው ቀምሷል፤ ሁሉም ትርጉሙን ይጠብቃል። ድሮ ብትሆን «ለክብር ያስቀምጠው ነበር» ብላ ታልፍ ነበር። ዝምታ ምን እንዳስከፈላት ግን አልረሳችም። አንዲት ቃል ሳትቀንስ ተረጎመችው።

ሙሴው ከንፈራቸውን በእጃቸው ነካ አደረጉ።

«ታዲያ ምን አለበት?» አሉ እማማ ደሚቱ። «የጌታችን ደቀ መዛሙርትስ እጃቸው ዓሣ ዓሣ ይል አልነበረም?»

መጀመሪያ የሳቁት ቀሲስ ናቸው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ሙሴውም ሳይወዱ ሳቁና፣ ባሕር ለሚያሻግር መልአክ መቅዘፊያም አይከፋውም አሉ። ሳቁ ሲበርድ ቀሲስ ተነሡ፤ በየማኅበሩ እንደሚደረገው የሙታንን ስም ሊጠሩ። የእማማ ደሚቱን ባል ጠሩ፣ የሞላልኝን እናት ጠሩ። ከዚያ ጥቂት አሰቡና፣ ባሕር ወስዶ ያስቀራቸውን ሁሉ ብለው ቀጠሉ፤ መጨረሻ ላይ «ሌናርት» የሚለውን ስም በዜማ ሳብ አደረጉት። አባባ ቤርቲል እስከዚያ አንድም ቃል አልገባቸውም ነበር። ስሙን ሲሰሙ ቀና አሉ። ዓይናቸው እንባ ሲሞላ ሸዋሉል አየች፤ እሷም አላስቻላትም።

መጨረሻው ጽዋውን ማስረከብ ነው። የታኅሣሥ ተረኛ ሞላልኝ ነው። ሙሴው ወደ ሸዋሉል ጠጋ ብለው፣ የፊተኛውን ጽዋ ባቡር ላይ የረሳው ይኸው ሰው መሆኑን ለዋንጫው ባለቤት መንገር ይገባል አሉ። ነገረቻቸው። ሞላልኝ ምንጣፉን ምንጣፉን ያይ ጀመር። ሸዋሉል ደግሞ ዋንጫው በየዓመቱ ለጥቅምቱ ሻማ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ኅዳር ሁልጊዜ የእሳቸው ተራ እንደሚሆን ነገረቻቸው፤ ግን ላስቀረው ቢሉ ማንም አይፈርድባቸውም አለች።

አባባ ቤርቲል ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

«ሌናርት ባሕር ኃይል የገባው ዓለምን አያለሁ ብሎ ነበር» አሉ። «ከዚህ ከባሕራችን ሳያልፍ ቀረ። እኔም እድሜዬን ሙሉ ዋንጫውን መደርደሪያ ላይ አቆምኩት። ሃሉንዳ ሩቅ ነው?»

ሸዋሉል ባቡር መቀየር እንዳለበት ነገረቻቸው።

«እኔም አይቼው አላውቅም። እንግዲያው ይሂድና ይየው። ከባሕር ሥር የተመለሰ ዕቃ ባቡር ላይ አይጠፋም።» ዋንጫውን ለሞላልኝ ሰጡት። እጁን ግን ቶሎ አልለቀቁትም። «ስትደርሱ ደውሉ» አሉት።

ሞላልኝ ዋንጫውን በነጠላ ጠቅልሎ ካፖርቱ ውስጥ ከተተና ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆለፈ። እንግዶቹ ተሰናብተው ወጡ። ሸዋሉል ዕቃ አጥባለሁ ብላ ቀረች። ከወጥ ቤት ብቅ ስትል አባባ ቤርቲል ከጎረቤት ወንበሮች አንዱን ስልኩ አጠገብ አስጠግተው፣ ክራቫታቸውን ሳይፈቱ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ያጠበችውን ሳህን መልሳ አጠበችው። መልሳ አደረቀችው።

ስልኩ ጮኸ። ሽማግሌው አነሡት፤ ሰሙ፤ ወደ ሸዋሉል ዞሩ።

«ደርሰዋል» አሉ።

ሞላልኝ ተሰናብቶ ዘጋ። አባባ ቤርቲል ግን ስልኩን ከጆሯቸው ቶሎ አላነሡትም።